ከዩኒቨርሲቲ ትምህርት ለጊዜው ስትወጡ ልትጠነቀቋቸው የሚገቡ ስህተቶች

ትምህርትን ለጊዜው ማቋረጥ ነውር አይደለም። ሕመም አለ፣ ወሊድ አለ፣ የቤተሰብ ችግር አለ፤ ጭንቀት በርትቶ መጽሐፍ መግለጥ የሚያቅትበት ጊዜም አለ። የዩኒቨርሲቲዎቻችን ደንብ ይህን ያውቃል። በቂ ምክንያት ያለው ተማሪ ዊዝድሮው (ትምህርትን ለጊዜው የማቋረጫ ቅጽ) ሞልቶ ይወጣል፣ ጊዜው ሲደርስ ሪአድሚሽን (ዳግም ቅበላ) ጠይቆ ካቆመበት ይቀጥላል። በመምህርነት ዘመኔ ብዙ ልጆች ከትምህርታቸው ለዘለቄታው ሲቀሩ አይቻለሁ፤ የብዙዎቹ ችግር ማቋረጣቸው ሳይሆን አወጣጣቸው ነበር።

ቅጽ ሳይሞሉ መሄድ

ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ እናቷ በጠና መታመማቸውን በስልክ ትሰማለች እንበል። ወሩ ሚያዝያ ነው፤ ሁለተኛው ሴሚስተር ተጋምሷል። ልብሷን ሰብስባ፣ ለመኝታ ክፍል ጓደኛዋ «ለመምህራኑ ንገሪልኝ» ብላ በማለዳ ትሳፈራለች። ጓደኛዋም ቃሏን ጠብቃ ትነግራቸዋለች። መምህራኑ ከልባቸው ያዝናሉ፤ ነገር ግን ተማሪ መውጣቱን በመዝገብ የሚያሰፍረው ሬጅስትራር (የተማሪዎችን መዝገብ የሚይዘው ቢሮ) እንጂ መምህር አይደለም። ውጤት ሲገባ በየኮርሷ አንጻር ኤንጂ (ኖ ግሬድ፣ ውጤት የለም ማለት ነው) ይጻፋል፤ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ኤንጂ በተወሰነው ጊዜ ካልተስተካከለ ወደ ኤፍ ይለወጣል። ልጅቷ እናቷን አስታማ ስትመለስ መዝገቡ ላይ ያለችው እንደ አስታማሚ ልጅ ሳይሆን እንደ ጠፋች ተማሪ ነው። ይህን የሚያህል ፍርድ በአንዲት ገጽ ወረቀት ማስቀረት ይቻል ነበር።

የግድ ከሆነ ሂዱ፤ እናት ከፈተና ትበልጣለች። ነገር ግን በዚያው ሰሞን ለዲፓርትመንት ኃላፊው በጽሑፍ አሳውቁ፣ የጻፋችሁትን በስልካችሁ ፎቶ አንሡ፣ ቅጹን በምን መንገድ መጨረስ እንደምትችሉ ጠይቁ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ተማሪዎች ወደየቤታቸው ሲሸኙ ማንም በግሉ ቅጽ መሙላት አላስፈለገውም፤ ያን ጊዜ ያቋረጠው ተቋሙ ራሱ ነበር። ብቻችሁን ስትወጡ ግን መዝገቡን የምታስተካክሉት እናንተው ናችሁ።

ክሊራንስ ሳያዞሩ መውጣት

ቅጹ ተፈረመ ማለት ጉዳዩ አለቀ ማለት አይደለም። ክሊራንስ፣ ማለትም የተረከባችሁትን ንብረት መመለሳችሁን በየክፍሉ የምታስፈርሙበት ወረቀት፣ ይቀራል። ቤተ መጻሕፍት፣ መኝታ ቤት፣ ምግብ ቤት፣ ላቦራቶሪ፣ የስፖርት ዕቃ ክፍል፣ ሁሉም ይፈርማሉ። ያልተመለሰ አንድ መጽሐፍ ወይም የዶርም ቁልፍ ከዓመት በኋላ ምዝገባን ሊያግድ ይችላል። ሲያልቅም ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ ለራሳችሁ ውሰዱ። ፋይል ይጠፋል፣ ሠራተኛ ይቀየራል፤ በእጃችሁ ያለ ቅጂ ግን ይከራከርላችኋል።

ሌላ መፍትሔ ሳለ ሙሉ በሙሉ መውጣት

ተማሪዎች ይህን ሳይጠይቁ መወሰናቸው ያሳዝነኛል። ኮርሶቹን ተከታትላችሁ የማጠቃለያ ፈተና ብቻ በሕመም ካመለጣችሁ፣ ኢንኮምፕሊት (ያልተጠናቀቀ ውጤት) ተይዞላችሁ በኋላ ልትፈተኑ የምትችሉበት አሠራር አለ። የከበዳችሁ አንድ ኮርስ ከሆነ ደግሞ ድሮፕ ማድረግ (ያንን ኮርስ ብቻ መተው) ሊበቃ ይችላል። በሌላ በኩል ዊዝድሮው ከመጥፎ ውጤት ማምለጫ አይደለም። የሚሞላበት የመጨረሻ ቀን በአካዳሚክ ካሌንደር ተወስኗል፤ ውጤት ከወጣና የመባረር ውሳኔ ከተላለፈ በኋላ ቅጽ መሙላት ያን አይሽረውም።

የመመለሻውን ጊዜ ሳያሰሉ መወሰን

«ሁለት ወር ዐርፌ እመለሳለሁ» የሚል ተማሪ ብዙ ነው። አብዛኛው ኮርስ በመደበኛው ፕሮግራም የሚሰጠው በዓመት አንድ ጊዜ ነው። ስለዚህ በሁለተኛው ሴሚስተር አጋማሽ የወጣ ተማሪ የሚቀጥለው በተከታዩ ዓመት ሁለተኛ ሴሚስተር ነው፤ ሁለት ወር ያለው ዕረፍት ዓመት ይሆናል ማለት ነው። የምትወጡበት ቀን ጥቂት ሳምንታት ወዲህ ወይም ወዲያ ቢል ምን እንደሚለወጥ ከአማካሪያችሁ ጋር ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ተነጋገሩ። ሴሚስተሩን ጨርሶ መውጣት የሚቻል ከሆነ፣ ያ ሴሚስተር ከነውጤቱ ይተርፋል።

ሥርዓተ ትምህርትም ባላችሁበት አይጠብቃችሁም። በ2012 ዓ.ም. የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ኮርሶች ሲጀመሩ የሦስት ዓመት ፕሮግራሞች ወደ አራት ዓመት አድገዋል። እንዲህ ያለ ለውጥ በመካከል ከገባ፣ የወሰዳችሁት ኮርስ ከአዲሱ ጋር መመሳሰሉ በዲፓርትመንቱ ይመረመራል። የኮርስ መግለጫዎቻችሁንና ደብተራችሁን ለማንም አትስጡ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂዎች የሚፈተኑት የመውጫ ፈተና በየዓመቱ ከተማራችኋቸው ዋና ዋና ኮርሶች የሚወጣ ነውና ደብተሩ ያኔም ይፈለጋል።

የሕክምና ማስረጃ ዘግይቶ ማምጣት

ማስረጃው ሕመሙ በነበረበት ጊዜ የተጻፈ ይሁን። ከውጭ ሆስፒታል ከሆነ የግቢው ክሊኒክ እንዲያረጋግጠው ብዙ ጊዜ ይጠየቃል።

የወጪ መጋራት ውሉን መርሳት

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚማር ተማሪ የምግቡንና የመኝታውን ወጪ በሙሉ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን እንደሚጋራ ፈርሟል። ስትወጡ ይህ ዕዳ በራሱ ተሰረዘ ብላችሁ አታስቡ። ያቋረጣችሁት ሴሚስተር እንዴት እንደተመዘገበ ጠይቁ፤ አለበለዚያ ከዓመታት በኋላ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት (ይፋዊ የውጤት ማስረጃ) ስትፈልጉ ያልጠበቃችሁት ሂሳብ ይገጥማችኋል።

ከወላጅ መደበቅ

ዊዝድሮው የሞላ ተማሪ ዶርምም ካፌም የለውም። ቤተሰቡን ላለማሳዘን ሲል በዚያው ከተማ ቤት ተከራይቶ፣ ከቤት የሚላክለትን ገንዘብ ለኪራይ እየከፈለ የሚከርም ልጅ አለ። ሊያገግም ወጥቶ ሌላ ጭንቀት ይሸከማል። አባት ይቆጣሉ ብላችሁ ከፈራችሁ አስቀድማችሁ ለአክስት ወይም ለታላቅ ወንድም ንገሩ፤ በቤታችን እንዲህ ያለ ወሬ በሽማግሌ ሲገባ ይቀላል። ብቻ ይነገር።

ሪአድሚሽንን በመጨረሻው ሰዓት መጠየቅ

ለምን ያህል ጊዜ ከትምህርት ርቆ መቆየት እንደሚቻል በየዩኒቨርሲቲው የሴኔት ሕግ ተወስኗል፤ ገደቡን ስትወጡ በጽሑፍ ያዙ። የመመለሻ ማመልከቻው የሚገባው ከምዝገባው ቀን አስቀድሞ ነው፤ ዲፓርትመንቱ ቦታ መኖሩን ያያል፣ ከዚያ ሬጅስትራር ያጸድቃል። ማስታወቂያው የሚለጠፍበትን ሰሌዳ የሚያይላችሁ አንድ የግቢ ጓደኛ ይኑራችሁ፤ የዩኒቨርሲቲውንም የቴሌግራም ገጽ ተከታተሉ። ተቀባይነት ማግኘታችሁን ሳታረጋግጡ ደግሞ ሻንጣ ይዛችሁ አትሳፈሩ፤ ስሙ በዝርዝሩ ያልወጣ ተማሪ ዶርም አይመደብለትም።