የጥርስ ሥር ቦይን በሚገባ ማጠብና ከባክቴሪያ ማጽዳት የሚቻለው እንዴት ነው?

ሩት ካናል በሚባለው የጥርስ ሥር ሕክምና ውስጥ ታካሚው የሚያስታውሰው ቁፋሮውንና ሙሌቱን ቢሆንም፣ የሕክምናውን ውጤት በእጅጉ የሚወስነው በሁለቱ መካከል የሚደረገው እጥበት ነው። ቦዩን የሚያሰፉት ፋይሎች የሚባሉ ሞረድ መሰል ቀጫጭን መሣሪያዎች ግድግዳውን በሙሉ አይነኩም፤ ማይክሮ ሲቲ በሚባለው ረቂቅ የራጅ ምስል የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት ከግድግዳው አንድ ሦስተኛ ያህሉ፣ አንዳንዴም ከዚያ የሚበልጠው፣ ፋይል ሳይደርስበት ይቀራል። ባክቴሪያዎች ባዮፊልም የሚባል ተጣብቆ የሚኖር ስስ ሽፋን ሠርተው የሚደበቁትም በዚሁ ክፍልና በጎን ቅርንጫፎች ውስጥ ነው። ፋይሉ መንገድ ይከፍታል፤ የሚያጸዳው ግን ፈሳሹ ነው። ቀጥሎ የቀረበው ቅደም ተከተል በሐኪም እጅ ብቻ የሚፈጸም ሲሆን፣ ታካሚም የሚደረግለትን አውቆ እንዲጠይቅ ይረዳዋል።

በመጀመሪያ ጥርሱ ከደነዘዘ በኋላ በራበር ዳም ከቀሪው አፍ ይለያል። ይህ ላስቲክ ምራቅ ከነባክቴሪያው ወደ ቦዩ እንዳይገባ፣ የእጥበቱ ፈሳሽም ወደ ጉሮሮ እንዳይወርድ ይከላከላል። ያለ ራበር ዳም እጥበት መጀመር የለበትም ብዬ አምናለሁ።

ቀጥሎ የበሰበሰው የጥርስ ክፍልና የሚያፈስ አሮጌ ሙሌት ተጠርጎ ይወጣል፤ ቦዮቹም አንድ በአንድ ይፈለጋሉ። በላይኛው የመጀመሪያ መንጋጋ ጥርስ ላይ አራተኛ ቦይ ብዙ ጊዜ ስለሚገኝ፣ ሦስቱን አግኝቶ ማቆም ያልታጠበ ቦይ ትቶ እንደመሄድ ይቆጠራል። የእያንዳንዱ ቦይ ርዝመት በኤሌክትሮኒክ መለኪያና በራጅ ተረጋግጦ ይመዘገባል።

ዋናው ፈሳሽ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ነው፤ ከ0.5 እስከ 6 በመቶ ባለው መጠን ይሠራበታል። ባክቴሪያን ከመግደሉም በላይ የሞተውን ሥጋ ያሟሟል። ነገር ግን ከሥጋና ከባክቴሪያ ጋር ሲገናኝ ኃይሉ ቶሎ ስለሚያልቅ፣ ከእያንዳንዱ ፋይል በኋላ በአዲስ መተካት አለበት። ጠንካራ ፈሳሽ አንድ ጊዜ ጨምሮ ከመተው ይልቅ ለዘብ ያለውን ደጋግሞ ማደስ ይሻላል።

ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ የሚያሻው መርፌው ላይ ነው። ቀዳዳው በጎኑ የሆነ ባለ 30 ጌጅ ቀጭን መርፌ ይመረጣል፤ ከተለካው ርዝመት 2 ሚሊሜትር ያህል አጥሮ እንዲቆም የላስቲክ ምልክት ይደረግበታል። ሲሪንጁ በአውራ ጣት ሳይሆን በሌባ ጣት በቀስታ ይገፋል፤ መርፌውም ሳይቋረጥ ወደ ላይና ወደ ታች ይንቀሳቀሳል። መርፌው ቦዩ ውስጥ ተቀርቅሮ ሳለ ቢገፋ ፈሳሹ ከሥሩ ጫፍ አልፎ ይወጣል፤ ያን ጊዜ ድንገተኛ ኃይለኛ ሕመም፣ ፈጣን እብጠትና መድማት ይከተላል።

መርፌው ጥሩ ቢሆንም በሥሩ ጫፍ አካባቢ የሚታሰር አየር ፈሳሹን ያግደዋል። ስለዚህ ፈሳሹ መንቀጥቀጥ ይኖርበታል። ለቦዩ ልክ የሆነ የጉታ ፐርቻ (ቦይ የሚሞላበት ጎማ መሰል ነገር) ዘንግ አስገብቶ በደቂቃ 100 ጊዜ ያህል በአጭሩ ከፍና ዝቅ ማድረግ ይቻላል። አልትራሳውንድ ካለ ለ20 ሰከንድ ማንቀጥቀጥ፣ ፈሳሹን ማደስ፣ ይህንኑ ሦስት ጊዜ መድገም የተለመደ ነው።

ፋይሉ በግድግዳው ላይ የለጠፈውን ስስ የዴንቲን (የጥርሱ ውስጠኛ ጠንካራ አካል) ፍርፋሪ ሃይፖክሎራይት ብቻውን አያነሳውም። ይህን የሚያነሳው 17 በመቶ የሆነ ኢዲቲኤ የሚባል ካልሲየምን የሚያሟሟ ፈሳሽ ሲሆን፣ ለ1 ደቂቃ ያህል ይቆያል። ኢዲቲኤ የሃይፖክሎራይትን ኃይል ስለሚያዳክም ሁለቱ በአንድ ጊዜ አይደባለቁም። ክሎርሄክሲዲን የሚባለው ሌላ ፀረ ባክቴሪያ ፈሳሽ የሚጨመር ከሆነም ቦዩ አስቀድሞ በንጹሕ ውኃ ወይም በሳላይን (የጨው ውኃ) ታጥቦ በወረቀት ዘንግ ይደርቃል፤ ከሃይፖክሎራይት ጋር ሲገናኝ የዴንቲንን ጥቃቅን ቀዳዳዎች የሚደፍን ብርቱካናማ ቡኒ ዝቃጭ ይፈጥራልና።

መግል መውጣቱን ካላቆመ ቦዩ በዚያው ቀን አይሞላም። ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ የሚባል ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ይቀመጥበትና ውፍረቱ ከ3.5 ሚሊሜትር በማያንስ ጊዜያዊ ሙሌት ይዘጋል። ይህ ሙሌት ከተሰነጠቀ ወይም ከወደቀ ምራቅ እንደገና ስለሚገባ፣ ታካሚው ሕመም ባይሰማውም የቀጠሮውን ቀን ሳይጠብቅ ወደ ሐኪሙ መመለስ ይኖርበታል።