የተኮላሸ ውሻ ሴት ውሻ ላይ ቢወጣ አትደንግጡ

ወንድ ውሻችሁ ከተኮላሸ በኋላም ሴት ላይ ሲወጣ ብታዩ፣ ኦፕራሲዮኑ አልተሳካም ማለት አይደለም። የዘር ፍሬው ሲወጣ ሆርሞኑ ይወርዳል፤ ልማዱ ግን አብሮ አይወጣም። በተለይ ካደገ በኋላ የተኮላሸ ውሻ፣ ወንድ የምትፈልግ ሴት ካገኘ እስከ መጨረሻው ሊገናኛት ይችላል።

ዋናው ጥንቃቄ እዚህ ጋ ነው። ቀድሞ የተመረተው ዘር በቱቦው ውስጥ ስለሚቆይ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሊያስረግዝ ይችላል። ስለዚህ ቢያንስ ለ6 ሳምንት በኦፕራሲዮን ካልመከነች ሴት ውሻ አርቁት። እባካችሁ ይቺን ነገር አትናቋት። «ተኮላሽቷል እኮ» ብሎ መዘናጋት ያልታሰቡ ቡችሎችን ያመጣል።

ጀርባ ለጀርባ ዞረው ተቆላልፈው ካገኛችኋቸው ደግሞ ጎትታችሁ ለማላቀቅ አትሞክሩ፤ ውኃም አትድፉባቸው። ሁለቱም ይጎዳሉ። አብዛኛውን ጊዜ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ራሳቸው ይላቀቃሉ። እስከዚያ አጠገባቸው ቁሙ፤ ሴቷ እንዳትታገል በለስላሳ ድምፅ አረጋጓት።

ትራስ ላይ ወይም የእንግዳ እግር ላይ መውጣትስ? እሱ ብዙ ጊዜ የደስታ ብዛት ወይም ጭንቀት ነው፤ ሴቶቹም ያደርጉታል። አትጩኹበት። ስሙን ጠርታችሁ መጫወቻ ስጡት፣ ይረሳዋል።

የመከነች ሴት ግን እንደገና ብልቷ ካበጠ፣ ደም ካየች ወይም ወንዶች ከከበቧት ቶሎ የእንስሳት ሐኪም ይያት። እንቁላል የሚያመርተው ክፍል ቁራጭ ውስጧ ቀርቶ፣ ወይም ኢንፌክሽን ይዟት ሊሆን ይችላል።