ጎንደርን በእንቆቅልሽ፦ በፋሲል ግቢ የፍለጋ ጨዋታ አዘገጃጀት

ፋሲል ግቢን ብዙ ሰው በአንድ ሰዓት ዞሮት ይወጣል፤ ፎቶ አንስቶ እንጂ ግንቡን አይቶ አይደለም። የፍለጋ ጨዋታ ይህን ይለውጣል፣ አንድ ሕግ ከተጠበቀ፦ መልሱ ቦታው ላይ ቆሞ ላስተዋለ እንጂ ስልክ ለከፈተ ሰው አይገኝ። «ግንቡን ማን አሠራው?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ ሁሉም ስልኩን ያወጣል። «በፋሲል ግንብ አዳራሽ ባለ ስድስት ጫፉ ኮከብ የት አለ?» ስትሉ ግን ቀና ብሎ ግድግዳውን ያስሳል።

ከጨዋታው አንድ ቀን ቀድማችሁ መንገዱን በእግራችሁ ሂዱት። ለእድሳት የተዘጋ ክፍል ካለ ያን ፍንጭ ሰርዙ፤ ሁለት ተጠባባቂ ፍንጭም ያዙ። ለቲኬት ቢሮውና ለጥበቃዎቹ ምን እንደምታደርጉ ንገሯቸው። ዐሥር ፍንጭ፣ ከሦስት እስከ አራት ሰው ያለባቸው ሦስት ቡድኖች፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ይበቃል። ልጆች ካሉ በየቡድኑ አንድ አዋቂ ይኑር፤ የግንቦቹ ደረጃ ገደላማ ነው፣ በክረምትም ያንሸራትታል።

ሁሉም ከጃን ተከል ዋርካ ይነሱ፣ ግን እያንዳንዱ ቡድን በሌላ ፍንጭ ይጀምር። ቅደም ተከተሉ አንድ ከሆነ ሁለቱ ቡድኖች ከፊት ያለውን መከተል ብቻ ይሆናል ሥራቸው።

ድንጋይ ሥር ወይም የግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ምንም ነገር አትደብቁ። የተደበቀ ነገር አለ የተባለ ልጅ ድንጋይ ይነቀንቃል፤ ኖራው የላላ ግድግዳ ደግሞ ያን አይችልም። የሚፈለገው ሀብት ቃል ይሁን። ከየመልሱ አንድ ፊደል ይወሰዳል፣ ፊደሎቹ ተገጣጥመው ቃሉን ይሰጣሉ። ለምሳሌ ሦስት ፍንጮችን እንይ።

«ዳኛ ተቀምጦብኛል፣ ነገር ተሰምቶብኛል፤ ከዐሥራ ሁለቱ የትኛው ነኝ?» ወምበር በር፣ ከግቢው ዐሥራ ሁለት በሮች አንዱ። አራተኛው ፊደል ር።

«ስሜ ይበራል፣ እኔ ግን ቆሜ ቀረሁ።» እርግብ በር። ሦስተኛው ፊደል ግ።

«ሌሎቹ ግንቦች የወንዶች ናቸው፤ እኔ የእቴጌ ነኝ፣ መስቀሌን ግድግዳዬ ላይ ፈልግ።» ምንትዋብ። አምስተኛው ፊደል ብ።

ቃሉ ግብር ነው፣ የቤተ መንግሥት ግብዣ ማለት፤ ስለዚህ ሽልማቱም ምሳ ይሁን፤ ለቤተ መንግሥት ከዚህ የሚስማማ ሽልማት የለም። ጨዋታው የሚበላሸው ግን በሆሄ ነው። አንዱ «እርግብ»ን «ርግብ» ብሎ ከጻፈ ሦስተኛው ፊደል ብ ሆኖ ቃሉ አይገጥምም። መልስ መስጫው ላይ የፊደሉን ብዛት ያህል ባዶ ሳጥን ሥሩ፤ አራት ሳጥን ያየ ሰው እ እንደሚቀረው ራሱ ይደርስበታል።

ግቢውን የሚከበው አጥር 900 ሜትር ያህል ነው፤ አንዳንዱ በር ከውጭ በኩል ነው በደንብ የሚታየው። የበሩ ስም በአካባቢው ካልተጻፈ ተጫዋቾቹ አጥሩ አጠገብ ያሉ አባቶችንና እናቶችን ይጠይቁ። ይህ እንደ ማጭበርበር አይቆጠርም፤ እንዲያውም ተዝካሮ በርና አዛዥ ጥቁሬ በር ስማቸውን ከየት እንዳገኙ ከሰው አፍ ሲሰማ ነው ልብ ውስጥ የሚቀረው።

ነጥብ አቆጣጠሩን ከእንቆቅልሻችን ውሰዱ። መልሱ ያቃተው ቡድን «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ እሱም እስካሁን ለፈታቸው ፍንጮች ካገኛቸው ካርዶች አንዱን ለተፎካካሪው ያስረክባል፣ ከዚያ መልሱ ይነገረዋል። በመጨረሻ ብዙ ካርድ የያዘ ያሸንፋል።

ከባድ ፍንጭ አንድ ብቻ ይበቃል፦ «ምድር ስትናወጥ ተጎዳሁ፣ ከሰማይ በወረደ እሳት ጣሪያዬን ጨረስኩ።» የቀዳማዊ ኢያሱ ግንብ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ፣ ኋላም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ቦምብ ጎድቶታል። ይህን ፍንጭ ከግንቡ ትይዩ አቁማችሁ ስጡ፤ አለዚያ ፍርስራሹ ሁሉ አንድ ይመስላቸዋል።

ጉልበት ከተረፈ በባጃጅ ወደ ፋሲል መዋኛ ሂዱ። የግቢውን ቲኬት አትጣሉ፣ እዚያም ይጠየቃል። እዚህ ጥያቄው የዛፎቹ ሥር ይሁን፦ ግንቡን ጨምድደው ከያዙት ሥሮች መካከል ድንጋዩን ደግፎ የያዘውንና እየሰነጠቀው ያለውን ለዩ። የከተራና የጥምቀት ዕለት ግን ቦታው የጸሎት ነው፣ ጨዋታውን ተዉት።

ደብረ ብርሃን ሥላሴን ለብቻው ቀን ስጡት። የመግቢያ ክፍያው ሌላ ነው፣ ጫማ ይወልቃል፣ ፍላሽ አይበራም። በጾም ቀን ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ስለሚሆን ጠዋት ቢኬድ ይሻላል። ጣሪያው ላይ ያሉትን መላእክት «ስንት ናቸው?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ቁጥሩ ከጽሑፍ ጽሑፍ ስለሚለያይ ክርክር ብቻ ያተርፋል። በምትኩ እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ፊት መርጦ እንዴት እንደሚያይ በቃል ይግለጽ፣ ጓደኛው የትኛው እንደሆነ ያግኝ። ውጭ ሲወጡ ደግሞ በአጥሩ ላይ ያሉትን ዐሥራ ሁለት ክብ ማማዎች ይቁጠሩ፤ የመግቢያው ማማ ዐሥራ ሦስተኛው ሲሆን የይሁዳ አንበሳ ተምሳሌት ነው ይባላል። ጅራቱን ከቤተ ክርስቲያኑ በስተ ምዕራብ አጥሩ ላይ ይፈልጉ።