ሴፕሲስ ሲጠረጠር በደም ምርመራ ውጤት ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

ይህን የምጽፈው ተረኛ ሆናችሁ ለምታድሩ ጀማሪ ሐኪሞች ነው፤ ስለ ሴፕሲስ፣ ማለትም ኢንፌክሽን የአካል ክፍሎችን ወደ መጉዳት ሲደርስ፣ ነው የማወራው። ስህተቶቹ ክብደታቸው እኩል አይደለም። የመጀመሪያው ሰው ስለሚገድል እሱ ላይ ትንሽ እቆያለሁ።

ፕሮካልሲቶኒን (በባክቴሪያ ኢንፌክሽን ጊዜ ደም ውስጥ የሚጨምር ንጥረ ነገር) ዝቅ ብሏል ብሎ አንቲባዮቲክ ማዘግየት። ሕመምተኛው ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፣ ግራ ገብቶታል፣ ግፊቱ ወርዷል፣ ሽንቱ ቀንሷል። «ምን ጀመራችሁለት?» ስል፣ «ፕሮካልሲቶኒኑ 0.2 ነው፤ ደግመን እስክናየው እየጠበቅን ነው» ይሉኛል። ይህን መልስ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ፤ በሰማሁት ቁጥር ያናድደኛል። እባካችሁ፣ አልጋው ጋ ሂዱና ሰውየውን እዩት! ፕሮካልሲቶኒን ኢንፌክሽን ከጀመረ በኋላ ደም ውስጥ ለመጨመር ሰዓታት ይፈልጋል፤ ጣሪያው ላይ እስኪደርስ አንድ ሙሉ ቀን ሊፈጅ ይችላል። ገና ሕመሙ እንደጀመረው የመጣ ሰው ቁጥሩ ዝቅ ቢል አይገርምም። አንድ ቦታ የታጠረ መግልም ቁጥሩን ላያነሳው ይችላል። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ የሴፕሲስ መመሪያ እዚህ ላይ ግልጽ ነው። አንቲባዮቲክ ለመጀመር የሐኪሙ ግምገማ ይበቃል፤ ፕሮካልሲቶኒን አይጠበቅም። ሾክ (የደም ዝውውር መውደቅ) ከተጠረጠረ መድኃኒቱ ቢቻል በ1 ሰዓት ውስጥ መግባት አለበት። የደም ካልቸር (ባክቴሪያ የሚፈለግበት የደም ናሙና) ቀድማችሁ ውሰዱ፣ ግን ለእሱም ብላችሁ ብዙ አትቆዩ።

ተቃራኒውም አለ። ከፍ ያለ ፕሮካልሲቶኒን ሁልጊዜ ባክቴሪያ ማለት አይደለም። ትልቅ ቀዶ ሕክምና፣ ከባድ ቃጠሎ፣ አደጋ፣ ወባም ያስነሱታል። በተወለደ በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት ደግሞ በጤነኛ ሕፃንም ይጨምራል።

ላክቴት (ሴሎች ኦክስጅን ሲያንሳቸው በብዛት የሚያመነጩት ንጥረ ነገር) ከፍ ባለ ቁጥር ፈሳሽ መጨመር። ይህ በጣም የተለመደ ነው። ላክቴት የሚጨምረው ደም ለሰውነት ሳይደርስ ሲቀር ብቻ አይደለም። አድሬናሊን እየወሰደ ያለ፣ ሳልቡታሞል በብዛት የተሰጠው፣ አሁን ያንቀጠቀጠው፣ ጉበቱ የደከመ ሰው ሁሉ ላክቴቱ ከፍ ሊል ይችላል። እንዲህ ላለው ሰው ሊትር በሊትር ላይ ስትጨምሩ ሳንባው ውሃ ይሞላል። የጣቱን ጫፍ ለ10 ሰከንድ ተጫኑና ልቀቁት። ቀለሙ ከ3 ሰከንድ በላይ ቆይቶ ከተመለሰ የደም ዝውውሩ ገና አልተስተካከለም። በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመው አንድሮሜዳ ሾክ የተባለው ጥናት ይህን ቀላል ምርመራ ከላክቴት ጋር አወዳድሮ ነበር፤ በጣት ምርመራው የተመሩት ሕመምተኞች የባሰ አልገጠማቸውም። ናሙናውንም አስቡበት። ደሙ ቱቦ ውስጥ ሲቆይ ቀይ የደም ሴሎቹ ላክቴት መሥራታቸውን ይቀጥላሉ። ስለዚህ በበረዶ ወይም ፍሎራይድ ባለው ቱቦ ቶሎ ይላክ።

ነጭ የደም ሴል ኖርማል ስለሆነ መረጋጋት። አትረጋጉ።

ሲአርፒን (ሌላውን የብግነት ጠቋሚ) በመጀመሪያው ቀን መፍረጃ ማድረግ። ጣሪያው ላይ የሚደርሰው ከአንድ ቀን ተኩል እስከ ሁለት ቀን አካባቢ ነው። ስለዚህ በማግስቱ ቢጨምር መድኃኒቱ አልሠራም ማለት አይደለም። ቶሲሊዙማብ (ብግነትን የሚያዳክም መድኃኒት) የወሰደ ሰው ላይ ደግሞ ኢንፌክሽን እያለም ዝቅ ሊል ይችላል። መለኪያውንም እዩ። በሊትር እና በዴሲሊትር መካከል የ10 እጥፍ ልዩነት አለ።

አዲስና ውድ ምርመራ ፍለጋ ሲሮጡ ክሬያቲኒንን (የኩላሊት ምርመራ)፣ ቢሊሩቢንን (የጉበት ምርመራ) እና ፕላትሌትን (ደም የሚያረጉ ሴሎች ቁጥር) መርሳት። ሴፕሲስ ማለት ኢንፌክሽኑ ባስነሳው የተዛባ የሰውነት ምላሽ የአካል ክፍሎች ሲጎዱ ነው። ጉዳቱን ከሚያሳዩት የደም ምርመራዎች መካከል እነዚህ ሦስቱ ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜም ፋይሉ ውስጥ ተቀምጠዋል። ፕላትሌት ከቀን ወደ ቀን ሲወርድ ዝም ብላችሁ አትለፉት።

ፕሮካልሲቶኒን በሚጠቅምበት ቦታ አለመጠቀምም ያሳዝነኛል። ሕመምተኛው ተሽሎት፣ ቁጥሩ ከጣሪያው 80 በመቶ ከወረደ ወይም ከ0.5 በታች ከሆነ አንቲባዮቲኩን ስለማቆም አስቡ። እየተሻለው ያለን ሰው ያለ ምክንያት 14 ቀን መውጋት ጉዳት ነው።

በመጨረሻ፣ ቤተሰብን ጠርቶ «ላክቴቱ 8 ነው፣ አይተርፍም» ማለት። ከፍተኛ ላክቴት ካላቸው ብዙ ሰዎች መካከል ብዙዎቹ መሞታቸው እውነት ነው። ይህ ግን ስለ እናታቸው በእርግጠኝነት አይናገርም። ከ2 እስከ 4 ሰዓት ውስጥ ድገሙት፤ እየወረደ ነው ወይስ እንዳለ ነው የሚለው የበለጠ ይነግራችኋል። እስከዚያው ለቤተሰቡ እንዲህ በሏቸው፦ «በጣም ታመዋል፤ ሕክምናው ተጀምሯል፤ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ያለውን ለውጥ አይተን መጥተን እንነግራችኋለን።» ከዚያም ሄዳችሁ ንገሯቸው።