የሲጋር ሣጥን መጥፎ ሽታ ሲጸዳ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሂዩሚዶር፣ ማለትም ሲጋር በተመጠነ እርጥበት የሚቀመጥበት ሣጥን፣ ውስጡ አብዛኛውን ጊዜ የሚለበደው ስፓኒሽ ሴዳር በሚባል እንጨት ነው። ይህ የማሆጋኒ ዘመድ የሆነ እንጨት እርጥበት እየሳበና እየመለሰ የሣጥኑን አየር ያረጋጋል፤ የራሱም ደስ የሚል መዓዛ አለው። ችግሩም የሚመጣው ከዚሁ ጠባዩ ነው፤ እርጥበት የሚስበው እንጨት ሽታም ስለሚስብ፣ ሽታ ለማጥፋት ተብሎ ወደ ሣጥኑ የሚገባው ነገር ራሱ እዚያው ሰርጎ ሊቀር ይችላል። አብዛኞቹ ስህተቶች የሚሠሩት ይህ ሲዘነጋ ነው።

የሽታውን ምንጭ ሳይለዩ ጽዳት መጀመር

ከሁሉም የሚከፋው ስህተት ይህ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ምንም ጥፋት የሌለበት ሣጥን ሲፋቅና ሲታጠብ ይበላሻል። አፍንጫ የሚሰነፍጥ የአሞኒያ ሽታ ከሆነ፣ ምንጩ ብዙውን ጊዜ እንጨቱ ሳይሆን ሲጋሩ ነው። የትምባሆ ቅጠል ሲብላላ አሞኒያ ያወጣል፤ በቅርቡ የተጠቀለለ ሲጋርም ይህን ሽታ ለተወሰነ ጊዜ ይዞ ይቆያል። መድኃኒቱ ጊዜና አየር ብቻ ነው። ቀለም ቀለም ወይም ማጣበቂያ የሚሸት አዲስ ሣጥን ደግሞ የአሠራሩን ሽታ ገና አልጨረሰም ማለት ነው። የረጠበ ምድር ቤት የሚመስል ሽታ ሻጋታን ያመለክታል፤ ያገለገለ ሣጥን ተገዝቶ የሲጋራ ጭስና አመድ ቢሸት ምክንያቱ ግልጽ ነው።

ለመለየት ሲጋሮቹን በሙሉ አውጥተው ክዳኑ በደንብ በሚገጥም የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ያስቀምጡ፤ እርጥበት ሰጪውን መሣሪያም ለብቻው ያውጡት። ባዶውን ሣጥን ለአንድ ቀን ዘግተው ያቆዩትና ሲከፍቱት ወዲያውኑ ያሽትቱ፤ አፍንጫ ቶሎ ስለሚለምድ የመጀመሪያው ትንፋሽ ከሁሉም ይበልጥ ይታመናል። ከዚያም ሲጋሮቹንና እርጥበት ሰጪውን በየተራ ያሽትቱ። ሽታውን የያዘው ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ሳይታወቅ ወደ ጽዳት አይግቡ።

ሽታን በሽታ መሸፈን

ሽቶ፣ የአየር ማደሻ፣ መዓዛ ያለው ዘይት ወይም ሻማ ሣጥኑ አጠገብ እንኳን መድረስ የለባቸውም። ቡናም ከዚህ አይለይም፤ ሽታ ይስባል እየተባለ በሰፊው ይመከራል እንጂ የራሱን ጠንካራ መዓዛ ለእንጨቱና ለትምባሆው ያወርሳል። የራሳቸው ሽታ የሌላቸው ቤኪንግ ሶዳና አክቲቬትድ ካርቦን የሚባለው የከሰል ዓይነት ይሻላሉ። ከሁለቱ አንዱን በአፈ ሰፊ ሳህን አድርገው ባዶው ሣጥን ውስጥ ያስቀምጡና ዘግተው ለጥቂት ቀናት ይተዉት፤ እንደ አስፈላጊነቱም ይቀይሩት። ሶዳውን እንጨቱ ላይ መነስነስ ግን ሌላ ስህተት ነው፤ ዱቄቱ በየመገጣጠሚያው ስንጥቅ ገብቶ ለማውጣት ያስቸግራል። ለሥጋ መጥበሻ የሚሸጠው ከሰልም ምትክ አይሆንም፤ አንዳንዱ በቀላሉ እንዲቀጣጠል ነዳጅ የተነከረ ነው።

በረኪና፣ ሳሙናና ብዙ ውሃ መጠቀም

ሳሙና መዓዛውን፣ ኮምጣጤ ደግሞ ጎምዛዛ ሽታውን እንጨቱ ውስጥ ይተዋል። በረኪና ከሁለቱም ይብሳል፤ ሽታው ከመቆየቱ በላይ ከአሞኒያ ጋር ሲገናኝ ክሎራሚን የተባለ መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል፤ ስለዚህ አሞኒያ ያለበትን ነገር በበረኪና ማጽዳት ከሣጥኑ አልፎ የሰውን ሳንባ ይጎዳል። እንጨቱን በውሃ ማራስም ሰሌዳዎቹን አሳብጦ ያጣምማል፤ ከተጣመመ በኋላ ክዳኑ ገጥሞ ስለማይዘጋ፣ ሽታው ቢጠፋ እንኳ ሣጥኑ እርጥበት መያዝ ይሳነዋል።

መጥረግ ካስፈለገ ክር በማይተው ነጭ ጨርቅ ላይ ጥቂት አይሶፕሮፒል አልኮል አድርገው፣ እንጨቱን ሳያርሱ በስሱ ይጥረጉ። ይህን የሚያደርጉት ከእሳት ርቀው፣ መስኮት ከፍተው ነው። የአልኮሉ ሽታ ፈጽሞ እስኪጠፋ ድረስም ሣጥኑን ክፍት ይተዉት።

የሻጋታውን ጉድፍ ጠርጎ ምክንያቱን መተው

ሻጋታ የሚበቅለው በአብዛኛው የሣጥኑ እርጥበት ከ75 በመቶ በላይ ሆኖ ሲቆይ ነው። የሣጥኑ እርጥበት መለኪያ 68 በመቶ እያሳየ ሻጋታ ከታየ መለኪያውን ይጠርጥሩ። መፈተኛው ቀላል ነው፤ አንድ የጠርሙስ ቆርኪ ጨው በጥቂት የውሃ ጠብታዎች አርሰው፣ ጨው ሳይሟሟ እንደ ሊጥ እርጥብ እንዲሆን ያድርጉ፤ ከመለኪያው ጋር አየር በማያስገባ ላስቲክ ዘግተው ቢያንስ ለ8 ሰዓታት ያቆዩት። ትክክለኛ መለኪያ 75 ያሳያል፤ 70 ካሳየ ሣጥንዎ ከሚያነቡት 5 ነጥብ ያህል ይበልጥ እርጥብ ነው።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ የእርጥበት ሰጪው ስፖንጅ ነው። በቧንቧ ውሃ ሲሞላ የኖረ ስፖንጅ ማዕድንና ጀርም ያጠራቅማል፤ አጥቦ ከመመለስ ይልቅ ጥሎ በአዲስ መተካት ይሻላል። ከዚያ በኋላም የሚጨመረው ዲስቲልድ ውሃ፣ ማለትም ተንኖ የተጣራ ውሃ፣ ብቻ ይሁን። በሚለኮሰው ጫፍ በኩል ሻጋታ ወደ ውስጥ የገባበትን ሲጋር ሳይሳሱ ይጣሉት።

ለማፍጠን ብሎ ሙቀት መጠቀም፣ ወይም ለመፋቅ መቸኮል

የፀጉር ማድረቂያና የሚያቃጥል ፀሐይ እንጨቱን ይሰነጥቃሉ፣ ማጣበቂያውን ያላላሉ፤ ከሴዳሩም የሚያጣብቅ ሙጫ ሊያወጡ ይችላሉ። ክዳኑ ተከፍቶ አየር በሚዘዋወርበት ጥላ ቦታ መቀመጡ ይበቃል። በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ የመጨረሻው አማራጭ ነው፤ ያልተቀባው የውስጥ እንጨት ብቻ፣ 220 ቁጥር በሆነ ወይም ከዚያ በላመ ወረቀት፣ እንጨቱ ወደሚሄድበት አቅጣጫ በስሱ ይፋቃል፤ ብናኙም በሙሉ ይወገዳል። ሽታውን አፍኜ አስቀረዋለሁ ብሎ ውስጡን ቫርኒሽ መቀባት ግን ሣጥኑን መግደል ነው፤ የተቀባ እንጨት እርጥበት አይስብም፣ አይመልስም።

ሲጋሮቹን ወዲያው መመለስ

በጽዳቱ የደረቀ እንጨት ሲጋር ሲገባበት እርጥበቱን ከትምባሆው ይመጠዋል። በመጀመሪያ ዲስቲልድ ውሃ የያዘ ትንሽ ሳህን ወይም ለዚሁ የተዘጋጀ ባለ 84 በመቶ የእርጥበት ከረጢት ባዶው ሣጥን ውስጥ አስቀምጠው ይዝጉ፤ ሁለት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። በኋላ ሳህኑን አውጥተው ተራውን እርጥበት ሰጪ ሲመልሱ መለኪያው ከ65 እስከ 70 ባለው መካከል መርጋት አለበት። ይህ ቆይታ ሌላም ጥቅም አለው፤ በደረቅ እንጨት ላይ የጠፋ የሚመስለው ሽታ እርጥበት ሲመለስ አብሮ ብቅ ስለሚል፣ እውነተኛው ፈተና ያን ጊዜ ነው።

ጣዕም የተጨመረበትን ሲጋር ከሌላው ጋር ማስቀመጥ

ቫኒላ፣ ቼሪ ወይም ሮም የተጨመረበት ሲጋር የራሱ ሣጥን ያስፈልገዋል። ለዓመታት እንዲህ ያለ ሲጋር የያዘ ሣጥን ከዚህ ሁሉ ድካም በኋላም ላይጸዳ ስለሚችል፣ እኔ ብሆን ለዚያው ዓይነት ሲጋር እተወዋለሁ። ለሌላ ሲጋር ማዋል ግድ ከሆነ ውድ ዋጋ የማያወጡ አንድ ሁለት ሲጋሮች ለጥቂት ሳምንታት ያስቀምጡበትና አንዱን አጭሰው ይቅመሱት፤ የቀረው ስብስብ የሚገባው ከትምባሆው ጣዕም በቀር ሌላ ነገር ካልተሰማዎት ብቻ ነው።