የፌንጣን የቆሻሻ ማስወገጃ ቱቦዎች ከፍቶ ማየት

ፌንጣ ኩላሊት የለውም። ከደሙ ቆሻሻ የሚለዩለት የማልፒጊ ቱቦዎች ናቸው፤ ስማቸው የመጣው በ1669 የሐር ትልን የውስጥ አካል አጥንቶ ከጻፈው ጣሊያናዊ ከማርቼሎ ማልፒጊ ነው።

በመጀመሪያ 9 ግራም ጨው በ1 ሊትር ውሃ አሟሙ። ተራ ውሃ አይሆንም፤ ወደ ሴሎቹ ገብቶ ያሳብጣቸዋል።

ተለቅ ያለ ፌንጣ እስኪደነዝዝ በረዶ ላይ 20 ደቂቃ ያህል አቆዩና ጭንቅላቱን ቁረጡ። ፍሪዘር ውስጥ ገብቶ በረዶ ከሆነ ቱቦዎቹ ይበላሻሉ። ክንፍና እግሩን አንሱና ሰም በፈሰሰበት ሳህን ላይ፣ ጀርባው ወደ ላይ ሆኖ፣ በስፒል አጣብቁት። ከጭራው ጀምራችሁ የሆዱን ሁለት ጎኖች ቁረጡ። የመቀሱ ጫፍ ወደ ላይ ያዘንብል፤ ወደ ታች ከገባ አንጀቱ ይቀደድና ሁሉም ነገር ይደፈርሳል። ጀርባውን ገልጣችሁ የጨው ውሃውን አፍስሱበት።

ቢጫውን ስብ በወረንጦ እየለቀማችሁ አንጀቱን ተከተሉ። መካከለኛው አንጀት አልቆ የኋለኛው በሚጀምርበት ቦታ ቱቦዎቹ እንደ ክር ተበትነዋል፤ በበረሃ አንበጣ 250 ያህል ናቸው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ የአየር ቱቦዎችን እነሱ ናቸው ብሎ ይይዛል። የአየር ቱቦ እንደ ብር ያብለጨልጫል፣ ቅርንጫፍም ያወጣል። የማልፒጊ ቱቦ ግን ደብዛዛ ነው፣ አይከፋፈልም። በማጉያ መነጽር ብታዩት፣ ትኩስ ከሆነ፣ ቀስ ብሎ ሲጥመዘመዝ ልታገኙት ትችላላችሁ።

ሴሎቹ ፖታሲየም ወደ ቱቦው ይገፋሉ፣ ውሃ ይከተላል፣ ዩሪክ አሲድ የተባለው ቆሻሻም አብሮ ገብቶ ወደ ኋለኛው አንጀት ይወርዳል። የአንጀቱን መጨረሻ በቁመቱ ሰንጥቃችሁ ዘርጉት፤ 6 ወፍራም ንጣፎች አሉት። ውሃውን መጥጠው ወደ ደም የሚመልሱት እነሱ ናቸው፤ ዩሪክ አሲዱ ደርቆ ከኩሱ ጋር ይወጣል።