የድጋፍ አገልግሎት የሚጠይቅ ተማሪ ምን ይዞ ይምጣ?

ጉዳት ወይም ሕመም ትምህርቱን የሚያስቸግርበት አብዛኛው ተማሪ ወደ ዩኒቨርሲቲው ድጋፍ ክፍላችን ሲመጣ የሐኪም ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ዝም ይላል። የቀረውን ወረቀቱ እንዲናገርለት ይጠብቃል። ወረቀቱ ግን የሕመሙን ስም እንጂ፣ ማክሰኞ ጠዋት በስታቲስቲክስ ክፍለ ጊዜ ምን እንደሚያጋጥመው አያውቅም። እኔ የማየት ኃይሌ ከልጅነቴ ጀምሮ ደካማ ነው። በተማሪነቴ የዚህ አገልግሎት ተጠቃሚ ነበርኩ፤ አሁን ደግሞ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጬ ጥያቄ እቀበላለሁ። በሁለቱም ወንበር ላይ ሆኜ የተረዳሁት፣ ድጋፉ የሚዘጋጀው ለሕመም ስም ሳይሆን ለእንቅፋት መሆኑን ነው። ስለዚህ እንቅፋታችሁን ጽፋችሁ ኑ። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም» የሚለው ተረት እዚህ ቢሮ ውስጥ አይሠራም።

አጻጻፉ ከባድ አይደለም። በአንድ የትምህርት ሳምንት የምትሠሩትን ሁሉ በተራ አስቡት፦ ከመኝታ ወደ መማሪያ ክፍል መሄድ፣ ሰሌዳ ማንበብ፣ መምህሩን መስማት፣ ማስታወሻ መያዝ፣ መጽሐፍ ማንበብ፣ ቤተ ሙከራ መሥራት፣ ለረጅም ሰዓት መቀመጥ፣ መፈተን። ከእያንዳንዱ ጎን የሚያስቸግራችሁ የቱ ጋ እንደሆነ፣ እስካሁን እንዴት እንደተወጣችሁትና ምን ቢኖር እንደሚቀልላችሁ ጻፉ። «እስካሁን እንዴት ተወጣችሁት» የሚለውን አትዝለሉት። ሁለተኛ ደረጃ ሳላችሁ ጓደኛ እያነበበላችሁ ከሆነ ያለፋችሁት፣ ያ ጓደኛ አሁን ሌላ ከተማ ነው። የሱ ቦታ በምን እንደሚተካ ማሰብ የምንጀምረው ከዚያ ነው።

ዝርዝሩ ለምን እንደሚያስፈልገኝ በምሳሌ ላሳያችሁ። ሁለት ተማሪዎች «የማየት ችግር» የሚል አንድ ዓይነት ወረቀት ይዘው ይመጣሉ። አንደኛዋ የደከመባት የመሐል እይታዋ ነው፤ ጽሑፉ በ20 ወይም በ24 ነጥብ የፊደል መጠን ቢታተምላት ታነባለች። ሁለተኛው የጎን እይታውን አጥቶ በቁልፍ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው ነው። ፊደሉን ባተለቅንለት ቁጥር በአንድ ጊዜ የሚያየው ቃል እያነሰ፣ ንባቡም እየዘገየ ይሄዳል። ለሁለቱም በትልቅ ፊደል የታተመ ፈተና ብንሰጥ አንዱን ረድተን ሌላውን ጎዳን ማለት ነው። መስማት በተሳናቸውም ዘንድ እንደዚሁ ነው። በምልክት ቋንቋ ያደገች ተማሪ አስተርጓሚ ያስፈልጋታል፤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ መስማት ያቆመ ተማሪ ግን ምልክት ቋንቋ ላያውቅ ይችላል፤ ለእሱ የሚጠቅመው የመምህሩን ንግግር ወዲያው በጽሑፍ የሚያሳይ አገልግሎት ነው።

የሐኪሙ ወረቀት አያስፈልግም ማለቴ አይደለም፤ ማስረጃ ነው፣ ይያዛል። ሐኪሙን ግን አንድ ነገር ለምኑት፦ ከሕመሙ ስም በተጨማሪ ጉዳቱ ምን ምን ሥራ እንደሚያስቸግር፣ ዘላቂ ይሁን ጊዜያዊ፣ የሚብስበት ወቅት ካለም ያንን እንዲጽፍ። «የሚጥል በሽታ» ከሚል ወረቀት ይልቅ «ሕመሙ ከጣለው በኋላ ለሰዓታት ትኩረት መሰብሰብ ያቅተዋል፤ እንቅልፍ ማጣትም ያባብስበታል» የሚል ወረቀት ለእኔ ብዙ ይናገራል። ከመጀመሪያው ወረቀት ምንም የፈተና ዝግጅት አይወጣም፤ ከሁለተኛው ግን ፈተናው በማለዳ እንዳይሆን መጠየቅ እችላለሁ። አገልግሎቱ በዓይን ለሚታይ ጉዳት ብቻ ነው ብላችሁም አትቅሩ። የማንበብ እክል፣ የአእምሮ ጤና ችግር፣ ሥር የሰደደ ሕመም፣ የተሰበረ ቀኝ እጅ ጭምር ወደዚህ ያመጣል። ወረቀቱ በድጋፍ ክፍሉ ፋይል ውስጥ ነው የሚቀረው። ለመምህራን የሚሄደው ደብዳቤ የሚደረግላችሁን ዝግጅት እንጂ የሕመማችሁን ስም መያዝ የለበትም። ከመላኩ በፊት አሳዩኝ ብላችሁ አንብቡት።

መቼ ትመጣላችሁ? የመግቢያ ደብዳቤው እጃችሁ እንደገባ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። አንድ መጽሐፍ በስክሪን ሪደር፣ ማለትም ጽሑፍን በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም፣ እንዲነበብ ማዘጋጀት ሳምንታት ይወስዳል፤ በብሬይል ሲሆን ይረዝማል። የመማሪያ ክፍል ከሦስተኛ ፎቅ ወደ ምድር ቤት ማዛወር የጊዜ ሰሌዳው ከመታተሙ በፊት የአንድ ስልክ ጥሪ ሥራ ነው፤ ከታተመ በኋላ አምስት ሰው ያጣላል። ዘግይታችሁም ቢሆን ኑ፣ አንመልሳችሁም። ያለፈውን ፈተና መልሶ ማስተካከል ግን ብዙ ጊዜ አይቻልም።

ስትጠይቁ አንገታችሁን አትድፉ። የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2006 ጸድቆ በ2008 ሥራ ላይ ሲውል፣ አንቀጽ 24 ከፍተኛ ትምህርትን በስም ጠቅሶ አባል አገሮች ተመጣጣኝ ማመቻቸት (ከአቅም በላይ ያልሆነ ማስተካከያ) እንዲያደርጉ ግዴታ ጥሎባቸዋል። በአንቀጽ 2 ትርጓሜ መሠረትም ማመቻቸቱን መከልከል ራሱ አድልዎ ነው። ከዚያ አስቀድሞም መንገዱን የከፈቱት ተማሪዎች ናቸው። ኤድ ሮበርትስ በልጅነት ልምሻ ሽባ የሆነ፣ ለመተንፈስ በብረት ሳንባ (ሰውነትን ውስጡ አስተኝቶ በሚያስተነፍስ ትልቅ መሣሪያ) የሚታገዝ ወጣት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 በርክሌይ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ያንን መሣሪያ የሚችል መኝታ ስላልነበረ ማደሪያው የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ውስጥ ሆነ። እሱና ተከትለውት የመጡ ጓደኞቹ የታገሉለት የአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1970 ሥራ ጀመረ። እኔ ዛሬ የተቀመጥኩበት ዓይነት ቢሮ የዚያ ትግል ዘር ነው፤ የማንም ቸርነት አይደለም።

ተመጣጣኝ የሚለው ቃል ግን ወሰንም አለው። የሚለወጠው መንገዱ እንጂ የትምህርቱ መመዘኛ አይደለም። የኬሚስትሪ ፈተና የእጅ ጽሕፈት ፍጥነትን አይለካም፤ ስለዚህ ተጨማሪ ሰዓት መስጠት መመዘኛውን አይነካውም። የአስተርጓሚነት ኮርስ ግን ፍጥነትን ራሱን የሚለካ ከሆነ፣ ሰዓት ጨምሩልኝ ማለት ሊያከራክር ይችላል። ጥያቄያችሁን ስታዘጋጁ «ይህ ፈተና የሚለካው ምንድን ነው?» ብላችሁ ጀምሩ። ከመምህር ጋር ከሚደረገው ክርክር ግማሹ እዚያው ያልቃል።

ወደ ፈተና ከገባን አይቀር ትንሽ ልቆይበት፤ ብዙ ነገር የሚበላሸው እዚህ ነው። በብዙ ተቋማት የተለመደው ጭማሪ 25 ወይም 50 በመቶ ነው። የሁለት ሰዓቱ ፈተና ሁለት ሰዓት ተኩል ወይም ሦስት ሰዓት ይሆናል። ሰዓት ሁሉንም አይፈታም። ወገቡን ለሚያመው ወይም ቶሎ ለሚደክመው ተማሪ ረዘም ያለ ፈተና ረዘም ያለ ሥቃይ ነው። ለእሱ የሚሻለው ሰዓቱ ቆሞ የሚያርፍበት እረፍት ነው፤ ይህ ለብቻው መጠየቅ አለበት። በአንድ ቀን ሁለት የሦስት ሰዓት ፈተና ያለበት ተማሪ ደግሞ 50 በመቶ ሲጨመርለት ዘጠኝ ሰዓት ሊፈተን ነው። የፈተና ፕሮግራሙ እንደወጣ ይህንን አስልታችሁ አንደኛው በሌላ ቀን እንዲሆን ጠይቁ። እኛ ሁሌ አናስተውለውም።

ፈተናውን የሚያነብላችሁና መልሳችሁን የሚጽፍላችሁ ሰው (አንባቢና ጸሐፊ) የምትጠቀሙ ከሆነ ለብቻችሁ ክፍል ይሰጣችሁ፤ ሌላውን ተማሪ ትረብሻላችሁ፣ እናንተም ድምፃችሁን ትሸሽጋላችሁ። ጸሐፊው የምትሉትን ብቻ ነው የሚጽፈው፤ ከፈተናው በፊት አብራችሁ ተለማመዱ። ቀመር በቃል ማስጻፍ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። «ኤክስ ሲደመር አንድ ለሁለት» ስትሉ የሚካፈለው አንዱ ብቻ ነው ወይስ ድምሩ ሁሉ? ቅንፍ የሚከፈትበትንና የሚዘጋበትን በቃል መናገር ልመዱ። ከመውጣታችሁ በፊትም መልሱን አስነብባችሁ ስሙት። በኮምፒውተር የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ስክሪን ሪደሩ በዚያው ማሽን ላይ መሥራቱን በዋዜማው አረጋግጡ። ሲጠፋ የሚባክነው ሰዓት እንዲመለስላችሁም አስቀድሞ በጽሑፍ ይስፈር።

የንባብ ጽሑፍ ስትጠይቁ ዋናውን ፋይል ጠይቁ። በስካነር የተነሣ ፒዲኤፍ ፎቶግራፍ ነው፤ ስክሪን ሪደር ፊቱ ቆሞ ዝም ይላል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ አንድ ቃል በመዳፊት ለመምረጥ ሞክሩ፤ ቃሉ ካልተመረጠ ፋይሉ ሥዕል ነው፣ ወደ ጽሑፍ መለወጥ አለበት። የሒሳብ ቀመርም በሥዕል ከገባ አይነበብም፤ መምህሩ ቀመርን በተራ ፊደላት በሚያስጽፈው በላቴክስ ፕሮግራም የሚጽፍ ከሆነ ያንኑ ጥሬ ጽሑፍ ለምኑት። ስክሪን ሪደር ለመጀመር ገንዘብ አያስፈልግም፤ ኤንቪዲኤ በነፃ የሚገኝ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው፤ አይፎን ቮይስኦቨር፣ አንድሮይድ ደግሞ ቶክባክ አላቸው። «የቅጂ መብት አለበት፣ መስጠት አንችልም» የሚል መልስ ከቤተ መጻሕፍት ከሰማችሁ፣ አገሩ እ.ኤ.አ. በ2013 የተፈረመው የማራካሽ ስምምነት አባል እንደሆነ ጠይቁ። ስምምነቱ ማየት ለተሳናቸው፣ የማንበብ እክል ላለባቸውና መጽሐፍ ይዞ መግለጥ ለማይችሉ ሰዎች፣ ያለ ባለመብቱ ፈቃድ ተደራሽ ቅጂ እንዲዘጋጅ የሚያስችል ነው።

አስተርጓሚ የምትጠቀሙ፣ ለረጅም ክፍለ ጊዜ ሁለት አስተርጓሚ ጠይቁ። በየ20 እና 30 ደቂቃው ካልተቀያየሩ አእምሮ ይደክማል፤ የሚጠፋውም የእናንተ ትምህርት ነው። ስላይዱና አዳዲስ ቃላቱ አስቀድመው ይድረሷቸው። ማስታወሻ የሚይዝላችሁ ሰውም ያስፈልጋችኋል፤ የአስተርጓሚውን እጅ እያዩ ወደ ደብተር ማጎንበስ አይቻልምና።

በዊልቸር የምትሄዱ ግቢውን ትምህርት ሳይጀመር ዞራችሁ እዩት፤ መጸዳጃ ቤቱንና የእሳት አደጋ መውጫውን ጭምር። ደረጃ የሌለው ተዳፋት መወጣጫው ለአንድ ሜትር ከፍታ ቢያንስ 12 ሜትር ርዝመት፣ በሩ ሲከፈት 80 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት እንዲኖረው የሚጠይቁ መለኪያዎች ብዙ ናቸው። ሜትር ይዞ መሄድ አያሳፍርም። «ልጆቹ ተሸክመው ያወጡሃል» ለሚል ሰው መልሱ ክፍሉን ወደ ታች አውርዱት ነው።

ለመምህሩ ራሳችሁ ብትጽፉ ይመረጣል። አጭር ይሁን፤ ሕመማችሁን አትተርኩ፣ የሚፈለግበትን ብቻ ንገሩት፦

«የተከበሩ መምህር፣ በዚህ ወሰነ ትምህርት በእርስዎ ኮርስ ተመዝግቤያለሁ። የማነበው በስክሪን ሪደር ስለሆነ ሰሌዳና ስላይድ ማየት አልችልም። የድጋፍ ክፍሉ ደብዳቤ ተያይዟል። ስላይዶቹን ከክፍል አንድ ቀን ቀደም ብለው ቢልኩልኝና ሰሌዳ ላይ የሚጽፉትን ጮክ ብለው ቢያነቡልኝ ትምህርቱን እከታተላለሁ። በሚመችዎ ጊዜ ለአሥር ደቂቃ ባነጋግርዎ ደስ ይለኛል።»

እምቢ ካለ አትጣሉ። ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁት፤ ብዙ እምቢታ ጽሑፍ ሲባል ይለሰልሳል። «ልማዳችን አይደለም» ምክንያት አይደለም። «ከአቅም በላይ ነው» ከተባለ ደግሞ ምን ያህል ተሞክሮ እንደሆነ እንዲገለጽላችሁ ጠይቁና ሌላ አማራጭ አቅርቡ። ካልሆነ ወደ ድጋፍ ክፍሉ፣ ከዚያ ወደ ትምህርት ክፍሉ ኃላፊ፣ ከዚያም ወደ ዲኑና ወደ ቅሬታ ሰሚው ሂዱ። ማን መቼ ምን እንዳላችሁ በቀኑ መዝግቡ። የቃል ስምምነት የተደረገ እንደሆነም በዚያው ቀን «በተነጋገርነው መሠረት» ብላችሁ ጽፋችሁ ላኩ።

ወሰነ ትምህርቱ ሲያልቅ ዝርዝራችሁን ይዛችሁ ተመለሱ። ያልተጠቀማችሁበት ይውጣ፣ የጎደለው ይግባ። የመስክ ልምምድ የሚወጣ ተማሪ በተለይ አንድ ወሰነ ትምህርት ቀድሞ ይምጣ። ለመምህራን የተጻፈው ደብዳቤ የሚቀበለውን መሥሪያ ቤት አያስገድድም፤ ሌላ ደብዳቤ፣ ሌላ ንግግር፣ አንዳንዴም የቦታ ለውጥ ያስፈልገዋል።